ስምንተኛው ኪስ

ዙሌካ የቤቷን ገንዘብ የምታስቀምጠው በበሩ ጀርባ ነበር። ሌባ ቢመጣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይገባል፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ገንዘቡ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይደበቃል። ሌባው አልጋ ሥር ሲንፏቀቅ፣ ፍራሽ ሲገለብጥ፣ የዱቄቱን ጣሳ ሲበረብር ይውላል። ይህን ብልሃት ከጎረቤቷ ከበቀለች በቀር ለማንም አልነገረችም። ለበቀለች ነገረች ማለት ግን ከላፍቶ እስከ ብስራተ ገብርኤል ያለ ሰው ሁሉ ሰማ ማለት ነው።

ባሏ ኑሪ ልብስ ሰፊ ነው። የቤታቸው የፊት ክፍል ሱቁ፣ የኋላው መኖሪያቸው ነበርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ከእግር ሥር አይጠፋም። ዙሌካ ከዚያ ቁርጥራጭ ሰባት ኪሶች ቆረጠች፤ በአንድ ሰፊ አቡጀዲ ላይ ደርድራ ሰፋችና በበሩ ጀርባ ሰቀለችው። የካኪው ኪስ የቀበሌ ቤት ኪራይ ነው። ነጩ የእህል ነው፣ ጥቁሩ የከሰልና የላምባ፣ ባለ መስመሩ የእድር፣ አበባማው የእንግዳና የበዓል። ቀዩ የመዋጮ ነው። ስለ ቀዩ ባናወራ ይሻላል፤ ዛሬ ለዘመቻ፣ ነገ ለአዳራሽ ግንባታ፣ ከነገ ወዲያ ለስፖርት እየተባለ በዚያን ዘመን ቀዩ ኪስ ሞልቶ ያደረበት ቀን የለም። ዙሌካ አንዱ ኪስ ከሌላው እንዳይበደር ሕግ አውጥታ ነበር። ኑሪ ሲጋራ ባያጨስም ሻይ ቤት መቀመጥ ይወዳልና ከአበባማው ኪስ አንድ ሁለት ጊዜ ስሙኒ ሊሞጨልፍ ሞክሮ እጁን ተይዟል።

ሰባተኛው ኪስ ሰማያዊ ነው፤ ከሁሉም ያንሳል። የኑሪ መነጽር ነው።

ከዓመት በፊት ጀምሮ ኑሪ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማሳለፍ አቅቶታል። ሩቁን ያያል፤ አስፋልቱ ላይ የሚሄደውን ሰው በአካሄዱ ለይቶ በስሙ ይጠራል፤ እጁ ላይ ያለው ነገር ግን ጭጋግ ነው። መጀመሪያ መርፌውን ወቀሰ። ቀጥሎ ክሩን ወቀሰ፤ «የዛሬ ክር ጫፉ ይበተናል» አለ። ከዚያ አምፖሉን፣ ከአምፖሉም አልፎ የክረምቱን ደመና ወቀሰ። ዓይኑን መውቀስ የቻለው ስድስት ወር ቆይቶ ነው። ለደንበኛ ግን አይነገርም። ዓይኑ ደከመ የተባለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ማን ጨርቁን ይዞ ይመጣል? ስለዚህ ዙሌካ በየማለዳው አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብታ ትሰካለታለች፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት እንደ ወጣት ሲሰፋ ይውላል።

ከዚህ የባሰው ነገር ግን እሱም የማያውቀው ነበር። ስፌቱ ጠምሟል። የሱሪ ጎን ላይ ሲወርድ የነበረው ቀጥ ያለ መስመር አሁን እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይላል። ኑሪ ለአስር ሰላት መስጊድ ይሄዳል፤ ከሰላት በኋላ ደግሞ ወሬ ስለሚወድ አንድ ሰዓት ሳይሞላው አይመለስም። በዚያች ሰዓት ዙሌካ የጠመመውን ስፌት ተርትራ፣ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ ራሷ ትሰፋዋለች። ያለቀ ልብስ የሚተኮሰውም፣ የሚታጠፈውም፣ ለባለቤቱ የሚሰጠውም በእሷ እጅ ስለሆነ ተመልሶ ኑሪ ዘንድ አይደርስም። ደንበኞቹ «እጅህ ይባረክ ጋሽ ኑሪ፣ ስፌትህ እየተሻሻለ ሄደኮ!» ሲሉት እሱ ደረቱን ይነፋል፤ እሷ ዞር ብላ ፍም ትቆሰቁሳለች። ሲያሞካሹት ደስ ይላታል፤ አንዳንዴ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ትቆጫለች።

መነጽሩ ፒያሳ ተሠርቶ ተቀምጧል። ሃያ ብር ቀብድ ከፍለዋል። ባለሱቁ የቀረውን አርባ ብር እስከ እንቁጣጣሽ ድረስ ካላመጡ መነጽሩንም ቀብዱንም እንዲረሱት ነግሯቸዋል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰማያዊው ኪስ ሠላሳ ስምንት ብር ደረሰ። ሁለቷን ብር ሰኞ ቀን ከምትወሰድ ሸሚዝ ያገኟታል።

ይህ እንግዲህ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ከተማው ሁሉ ጉድ ጉድ የሚልበት ወቅት። እህል ተወዷል። በቀበሌው ሱቅ ጤፍ ሲመጣ ለአንድ ካርድ ሃያ አምስት ኪሎ ይሰጣል፤ ዋጋውም ገበያ ካለው ከግማሽ በታች ነው። ችግሩ ጤፉ የሚመጣው ሲመጣ ነው። እንደሚመጣ ሲሰማ ታዲያ ሰው ሄዶ አይሰለፍም፤ ድንጋዩን ያሰልፋል። እያንዳንዱ ድንጋዩን ከሱቁ በር ጀምሮ በተራው ያስቀምጥና ወደ ሥራው ይሄዳል። የሰው ድንጋይ መግፋት ሰውየውን ከመግፋት እኩል ነውር ነበርና ድንጋዮቹ ሁለት ሦስት ቀን ዝናብ እየመታቸው ተሰልፈው ይሰነብታሉ።

«ጤፍ ቅዳሜ ይገባል» የተባለ ሐሙስ ዕለት ዙሌካ ስድስተኛ ተራ ያዘች። የወሰደችው ድንጋይ ኑሪ ጨርቅ ሲቆርጥ እንዳይንሸራተትበት የሚጭንበትን ነው። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ከፉሪ ወዲያ ካለው ወንዝ ገና በወንደላጤነቱ ያነሣው ድንጋይ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እጁ ስላልተለየው በአንድ ጎኑ ያለችው የአውራ ጣት ማረፊያ የምታክል ጎድጓዳ እንደ መስታወት ለስልሳለች።

«ድንጋዬን ምን አባሽ አደረግሽው?» አለ ኑሪ ጠረጴዛውን እየዳበሰ።

«ሰልፍ ላይ ነው።»

«ሌላ ድንጋይ አገር ላይ ጠፋ?»

«ያንተን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ማንም አይገፋውም። ደግሞ ለማን ዓይን የተሰለፈ መሰለህ?»

እውነቷን ነው። ነጩ ኪስ ውስጥ ያለው ገንዘብ የቀበሌውን ጤፍ ልክ ይገዛል፤ አንዲት ሳንቲም አይተርፈውም። ተራው ቢያልፋት አምስት አፍ ያለበት ቤት ጦሙን አያድርም፤ ከገበያ በእጥፍ መግዛቷ ነው። ያኔ ሕጉ ይሻራል። የሚበደረው ነጩ፣ የሚያበድረውም ሰማያዊው ይሆናል።

ቅዳሜ ሲነጋጋ ዙሌካና በቀለች ጆንያቸውን ታቅፈው ሱቁ ደረሱ። አንድም ድንጋይ የለም።

በቀለች ጭንቅላቷን ይዛ «በገብርኤል! ድንጋይ ይሰረቃል?» አለች።

አልተሰረቀም። ቀና ሲሉ አዩት። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት እስከ አስፋልቱ ድረስ መንገዱ ግራና ቀኙን በነጭ ድንጋይ አጊጧል። አርብ ዕለት የቀበሌው ወጣቶች ለበዓሉ መንገድ እንዲያሳምሩ ታዘው ነበር። ኖራው ተበጠበጠ፣ ብሩሹ ተገኘ፣ ድንጋይ ግን የት ይገኛል ተብሎ ሲታሰብ ሱቁ ፊት ለፊት ሃያ ዘጠኝ ድንጋይ ማንም ሳያዛቸው ተሰልፈው ተገኙ። ልጆቹ ምን አጠፉ? አንሥተው ቀቧቸው። ከሌላ ቦታ ከለቀሙት ጋር ቀላቅለውም ደረደሯቸው።

ጤፉ የመጣው ለሠላሳ ሁለት ካርድ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ግን ከስልሳ የሚበልጥ ሰው ሱቁን ከቦ «ድንጋይ ነበረኝ!» ይል ነበር። ካርድ በመሸጥና በመለወጥ የሚታወቀው ደላላው ወጋየሁ፣ ሐሙስም አርብም በአካባቢው ያልታየው ሰው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አንደኛ ነበርኩ» ይላል። የሱቁ ኃላፊ ጓድ ከበበው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ በሩ ላይ ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን መመሪያ የሚባል ነገር ይወዳል።

«ድንጋይ የሌለው ተራ የለውም» አለ። «መመሪያ ነው።»

«ድንጋዩማ ይኸው መንገድ ላይ! እናንተው ቀባችሁት!» አለች ዙሌካ።

«እሱ አሁን የበዓሉ ድንጋይ ነው።»

«እንግዲያው ውኃ አምጥተን እንጠበውና እያንዳንዱ የራሱን ይለይ።»

ከበበው ደነገጠ። ግራና ቀኙን አየ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «እትዬ ዙሌካ፣ በልጆችሽ! ለአብዮቱ የተቀባን ድንጋይ አጥበሽ እኔን ምን ልታስብዪኝ ነው? በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተስማማችሁ ያለ ተራ ቀድሞ ለገባ እሰጣለሁ።»

ቀድሞ ለገባ ማለት ክንዱ ለበረታ ማለት ነው። ዙሌካ ክንድ የላትም። ጆንያዋን ታቅፋ ወደ ቤቷ ተመለሰችና በበሩ ጀርባ ቆማ ሰማያዊውን ኪስ ትክ ብላ አየችው። እጇን ልትሰድ ትልና ትመልሳለች። እንባዋ መጣ። ለጤፍ ብላ አልቅሳ አታውቅም፤ ይህ ግን የጤፍ ነገር አልነበረም።

ኑሪ ከመኪናው ላይ ሆኖ ሰማት። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። አልተቆጣም፤ ነጠላ ጫማውን ያጠልቅ ጀመር።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ድንጋዬን ልፈልግ።»

«ሁሉም ነጭ ሆኗል እያልኩህ! ዓይን ያላቸው ያልለዩትን አንተ…» አለችና ምላሷን ነከሰች።

ኑሪ ሳቀ። «እኔ ከዓመት ወዲህ በዓይኔ ምን ሠርቼ አውቃለሁ? በጣቴ አይደል የምኖረው? ነይ ውጪ።»

ሲደርስ ሕዝቡ ሊደባደብ ትንሽ ቀርቶታል። ኑሪ በሩ ላይ ቆመና ከልብስ ስፌት ሱቁ ባላነሰ በሰፈሩ የሚታወቀውን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ ከበበው፣ ድንጋዩን ማጠብ ተከልክሏል። መዳሰስስ መመሪያ አለው?»

ከበበው አሰበ። እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ መልሶ ሰካው። «ስለ መዳሰስ የወረደ ነገር የለም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ድንጋይ የነበረው ሰው እየመጣ ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደሆነ በጆሮዬ ይንገረኝ። እኔ ለማንም እንዳላደላ ዓይኔን ጨፍኜ እዳስሳለሁ። ካገኘሁት ተራው ተራው ነው። ማን ከማን በኋላ እንደነበር እናንተው ትተዋወቃላችሁ። የሚስቴ መጨረሻ ይሁን።»

ሕዝቡ «ጎሽ!» አለ። ዓይኑን ሲጨፍን የሁሉም ሰው አድናቆት ጨመረ። ቢከፍተውም ለውጥ እንደሌለው የምታውቀው ዙሌካ ብቻ ነበረች፤ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

በቀለች ቀድማ ጆሮው ላይ ተለጠፈች። እሷ በጆሮ ተናገረች ማለት መንደሩ ሰማ ማለት ነው፦ ሦስት ማዕዘን፣ ጎኑ ላይ ምሥር የምታክል ቀዳዳ። ኑሪ ከመንገዱ ጫፍ ጎንበስ ብሎ ጀመረ። ጣቶቹ ድንጋዩ ላይ ሲያርፉ ጨርቅ የሚመርጥ ይመስላል፤ ይዳስሳል፣ በአውራ ጣቱ ጠርዙን ይከተላል፣ ያልፋል። አሥራ አንደኛው ላይ ቆመ። «ይኸው ቀዳዳዋ» አለ። በቀለች እልል አለች። ለጤፍ እልል ሲባል ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ነገሩ ጨዋታ ሆነ። አንዷ የወፍጮ ስባሪ ናት አለች፤ ተገኘች። አንዱ የጡብ ግማሽ ነው አለ፤ ተገኘ። አንዲት አሮጊት ድንጋይ አጥታ የተበሳ ድስት ደፍታ ነበር፤ ልጆቹ እሱንም ቀብተውት ነበርና ኑሪ ሲነካው ተንኳኳ፤ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ወጋየሁ በተራው መጣና ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ ትንሽ አመነታ። ኑሪ ቀና አለ።

«ወንድማችን ወጋየሁ ድንጋዬ ነጭ ነው ይላል!» ብሎ ጮኸ።

ወጋየሁ ከዚያ በኋላ አልታየም። እሱን ያዩ ሌሎች ሠላሳ የሚሆኑ «ድንጋይ ነበረኝ» ባዮችም ቤታቸው ሥራ ትዝ አላቸው።

ሃያ ስምንት ድንጋይ ተገኘ። የቀረው የዙሌካ ነው። ኑሪ ግራውን ጨርሶ ወደ ቀኙ ዞረ፤ ቀኙንም ጨረሰ። የለም። እንደገና ከአስፋልቱ ጀመረ። የለም። ሳቁ ቀዘቀዘ። የሰው ሁሉ ድንጋይ ተገኘ፤ የእሷ ግን ጠፋ። ዙሌካ «ተወው በቃ፣ እንሂድ» አለችው።

ከበበው ራሱ አዘነላቸው። «ና ጋሽ ኑሪ፣ የተገኙትን ብዛት ጽፌ አንተ ምስክር ሆነህ ፈርምልኝ፤ እስከዚያ አስብበታለሁ» አለና ወደ ጠረጴዛው ወሰደው። መዝገቡን ገለጠ። ኑሪ የሚፈርምበትን ቦታ ስላላየው በእጁ ዳበሰ። ወረቀቱ በንፋስ እንዳይገለበጥ አንድ ነገር ተጭኖበታል። ጣቱ እዚያ ላይ አረፈና ቀረ። አውራ ጣቱ አንዲት ጎድጓዳ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«ጓድ ከበበው» አለ ቀስ ብሎ፣ «የሚስቴ ተራ መዝገብህ ላይ ተቀምጧል።»

ከበበው ፊቱ ቀላ። ትናንት ልጆቹ የተቀባውን ድንጋይ ሲደረድሩ አንዷ ጠፍጣፋና ለስላሳ ሆና አግኝቷት ለመዝገብ መጫኛ አንሥቷት ነበር። ኑሪ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ወንዝ ዳር ያያትን ነገር እሱም አይቶባት ነው፤ በዚህ ሊፈረድበት አይገባም። ውጪ ያለው ሕዝብ ሲሰማ ግን አልማረውም፤ እስከ እንቁጣጣሽ ድረስ «ጓድ ድንጋይ» ሲባል ከረመ።

ዙሌካ በስድስተኛ ተራ ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ ወሰደች። ከነጩ ኪስ ከፈለች፤ ሰማያዊውን ማንም አልነካው።

ማክሰኞ ዕለት ኑሪ መነጽሩን አድርጎ ከፒያሳ ተመለሰ። አውቶቡስ ውስጥ የቲኬቱን ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበ። የገዛ መዳፉን አገላብጦ አየ። አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ኮት ተመልክቶ «ይህን ቁልፍ ማነው የተከለልህ? ሊወድቅ ነው» አለው፤ ሰውየው ቦታ ቀየረ። ቤት ሲደርስ የዙሌካን ፊት በሁለት እጁ ይዞ አቀረበው።

«ሽበት አለሽ እንዴ?»

«አንተን ስጠብቅ ነው።»

እየሳቀ የሥራውን ውጤት ሊያደንቅ ለደንበኛ ወደተዘጋጁት ልብሶች ሄደ። ዙሌካ ልትከለክለው አልቻለችም። ለበዓሉ ሰልፍ የታዘዘውን የካኪ ሱሪ አንሥቶ የጎኑን ስፌት ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ተከተለው። ሁለተኛ ሱሪ አነሣ። ሸሚዙንም አነሣ። ሳቁ ቆመ።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«አንተ ነህ እንጂ ማን ሊሰፋው?»

«እኔ ስፌት ስጨርስ ጫፉ እንዳይተረተር ሦስቴ ወደ ኋላ ነው የምመልሰው። ጌታዬ እንዲያ አድርጎ ነው ያስተማረኝ። ይህ ሁለቴ ብቻ ተመልሶ ተቆርጧል።» ሱሪውን ወደ መብራቱ አቀረበው። «ይህ ክር የሚቆጥብ ሰው እጅ ነው። እዚህ ሰፈር ክር የሚቆጥብ አንድ ሰው ነው የማውቀው።»

ዙሌካ መሬት መሬቱን አየች። «ለአስር ስትሄድ ነው» አለች። «እንዳይከፋህ ብዬ።»

ኑሪ የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እጅህ ይባረክ» ሲሉት የከረሙት ሁሉ ትዝ አለው፤ ደረቱን ሲነፋም። አፈረ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጠረገው፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር።

በማግስቱ ዙሌካ የላምባ ገንዘብ ልታስቀምጥ በሩን ስትዘጋ አቡጀዲው ላይ ስምንት ኪስ አየች። አዲሱ አረንጓዴ ከፋይ ነው፤ ኑሪ ለራሱ ቆብ ሊሠራበት ዓመት ሙሉ የደበቀው ጨርቅ። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወርዶ ቀጥ ብሎ ዞሯል። አፉ ላይ ቁልፍ ተተክሎለታል። ከፍታ አየች፤ ሁለት ብር አለ።

«ይህ ደግሞ ለምንድነው?»

«የሰፊዋ ደሞዝ ነው» አለ ኑሪ ከመኪናው ላይ ሳይዞር። ነጯ ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች፤ ኖራዋን አላጠባትም። «በየሳምንቱ ይገባል። ያንቺ ነው።»

ዙሌካ ሁለቱን ብር አወጣች። ቀዩ ኪስ እንደ ልማዱ ባዶ ነበር፤ እጇ ወደዚያው ሄደ።

«አንዱ ኪስ ከሌላው አይበደርም» አለ ኑሪ። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

እጇን መለሰች። ሰባት ኪስ ሰፍታ አንዱንም የራሷ ለማድረግ እንዳላሰበች ያን ጊዜ ገና ገባት። ብሩን ከፋዩ ውስጥ አስገብታ ቁልፉን ቆለፈች። ከዚያ በጣቷ የስፌቱን መጨረሻ ዳሰሰች፤ ሦስቴ ተመልሷል።

«ክር አባከንክ» አለችው።